በጥቅምት ያለፈችኝ ኮከብ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ደመናው ተገፈፈ። ሦስት ወር ሙሉ ተሸፍኖ የከረመው ቴሌስኮፕ ትናንት ሌሊት ንጹሕ ሰማይ አገኘ። ጠዋት ስገባ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ ይጠብቀኝ ነበር።

በአዲስ ደብተር ስለጀመርኩ ሥራዬን ልጻፍ። ቴሌስኮፑ በየሌሊቱ እነዚያኑ ጋላክሲዎች በተራ በተራ ያነሳል። እኔ ጠዋት ጠዋት የድሮውንና የትናንቱን ፎቶ እያፈራረቅሁ አያለሁ። ድሮ ያልነበረች ነጥብ ካለች፣ አንድ ኮከብ ፈንድቷል ማለት ነው፤ ሱፐርኖቫ የምንለው። ኮምፒውተሩም ይጠቁማል፤ ግን አቧራውንም ጥላውንም ኮከብ ነው ስለሚል የመጨረሻው ቃል የእኔ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ሱፐርኖቫ አግኝቻለሁ። መሥሪያ ቤት "ንስሯ" ይሉኛል። እኔም ስሙን አልጠላሁትም።

የክፍሌ አምፖል ደክሟል። እንዲቀየር ጠይቄያለሁ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ችኮላ። 240 ፎቶ። ራስ ምታት። አምፖሉ ተቀየረ፣ አዲሱም ያው ነው። የዘንድሮ ዕቃ!

እህቴ ቁርስ ላይ "እታለም፣ ስታናግሪኝ ለምን ጆሮዬን ታዪያለሽ?" አለችኝ። ምን የሚታይ ጆሮ አላት?

ጥቅምት 8፣ ዓርብ ማታ

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ኃላፊው ወረቀት ይዞ ገባ። ባሕር ማዶ ያለ ሌላ ታዛቢ ጣቢያ አዲስ ሱፐርኖቫ አግኝቷል። የት? እኛ "ዝርግ ሳህን" በምንላት ጋላክሲ ውስጥ፣ ሁልጊዜ በምናነሳት!

"ይቺን እኛ አላነሳናትም?" አለኝ።

"አንስተናል።"

"መቼ?"

"ማክሰኞ ሌሊት። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ተራዋ አልነበረም።"

የረቡዕ ጠዋቱን መዝገብ ከፈተው። በእኔ እጅ የተሞላ ነው፤ "ምንም የለም" ይላል። ፎቶውን አወጣው። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ "ይቺውልሽ፣ ቁጭ ብላለች" አለ። ጣቱን አየሁ። ከጣቱ ጫፍ በላይ ግራጫ ነገር ነው የታየኝ። ስክሪኑ ተወልውሎ አያውቅም።

ያኔ ከአፌ የወጣውን ልጻፈው። "ካሜራው ሰሞኑን ደህና አይደለም" አልኩ። አራት ቃል። ሳልቆጥር ተናግሬ አሁን እየቆጠርኩ ነው።

ኃላፊው ነጥቧ ከካሜራ ጉድፍ ጋር ተምታታብኝ ማለቴ ነው ብሎ ወዲያው ተቀበለው። "ሹክሹክታን ጥሩልኝ" ብሎ ወጣ።

ሹክሹክታ የምንለው የካሜራ ቴክኒሻኑን ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው የለም። ካሜራውን እንደ አራስ ልጅ ነው የሚይዘው።

ለምን እንዲህ ተናደድን? ፍንዳታው ለሳምንታት ይታያል፤ ግን የመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ሌላ ናቸው። ያኔ የሚመጣው ብርሃን ኮከቡ ምን ያህል ግዙፍ እንደነበር፣ ከመሞቱ በፊት ምን እየሆነ እንደነበር ይናገራል። ከዚያ ያ ምልክት ይጠፋል። እንደገና ንገረኝ ቢሉት አይመለስም። እኛ ዘንድ ሁለት ቀን ተኩል ቀድሞ ነበር። በእኔ እጅ።

ሰኞ ለኃላፊው አስረዳዋለሁ። ምኑን ግን? ድካም ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

አላስረዳሁም። ካሜራው ዛሬ ወረደ። ይፈተሻል። ሦስት ሳምንት ይፈጃል አሉ፤ የዓመቱ ምርጥ ሌሊቶች ሊባክኑ ነው። ሹክሹክታ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሲፈታ በበሩ በኩል አለፍኩ። ቀና ብሎ "ደህና ዋሉ እትዬ" አለኝ። እንደሁልጊዜው። በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

አናጺ አስመጣሁ። የሳሎኑ በር መቃን መሃሉ ላይ ጎብጧል፤ ቤቱ እየሰመጠ ይሆናል ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ነበር። አናጺው ውሃ ልኩን አስጠጋው። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች።

"እመቤቴ፣ ይሄ መቃን ቀጥ ያለ ነው። ወታደር ነው የሚመስለው።"

"ጎብጧል እኮ! አይታይህም?"

አናጺው እህቴን አያት፣ እህቴ አናጺውን። "ልክ ነሽ፣ ትንሽ ጎብጧል፤ ሌላ ጊዜ ይስተካከላል" አለች እህቴ። የመጣበትን ከፍላ ሸኘችው። ተመልሳ እንዲህ አለችኝ፦

"ዓይንሽን ለምን አትታዪም?"

"በመቃን ምክንያት?"

"እማማም በበር ነበር የጀመራት።"

ስለ እናታችን እንድታነሳ አልፈልግም። የመጨረሻ ስድስት ዓመቷን በእኛ ክንድ ነው የሄደችው፤ ምግቧ ሳህኑ ላይ በየት በኩል እንዳለ እየነገርናት። እናታችን ግን አሮጊት ነበረች። እኔ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው።

አናጺው ሞኝ ነው።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ ማታ

እህቴ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ አብረን ነን። ዛሬ እራት ላይ ደብተሯን አምጥታ፣ "ተማሪዎቼ ኮከብ ለምን ይፈነዳል ብለው አፋጠጡኝ። በልጅ ቋንቋ ንገሪኝ" አለች። በሃያ ስድስት ዓመት ጠይቃኝ አታውቅም። እንድናገር ፈልጋ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ሰሞኑን ቤት ውስጥ ከሦስት ቃል በላይ አልተናገርኩም። ያም ሆኖ ነገርኳት።

"ኮከብ ማለት ዕድሜ ልኩን በራሱ ክብደት ላለመጨፍለቅ የሚታገል ነገር ነው" አልኳት። "ስበት ወደ ውስጥ ይጫነዋል። መሃሉ ላይ ያለው እሳት ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሁለቱ እኩል እስከሆኑ ድረስ ይኖራል።"

"እሳቱ ማገዶው ምንድን ነው?"

"ሃይድሮጅን። ሃይድሮጅኑ ተዋህዶ ሂሊየም ይሆናል። በጣም ትልቅ ኮከብ፣ የፀሐይን ሃያ አምስት እጥፍ የሚመዝን በይው፣ ይሄን ለሚሊዮኖች ዓመታት ያደርጋል። ከዚያ ሂሊየሙን ያነዳል፤ ካርቦንና ኦክስጅን ይሆናል። ከዚያ ካርቦኑን። እያንዳንዱ ከቀድሞው ይልቅ ቶሎ ያልቃል። ካርቦኑ ለጥቂት መቶ ዓመታት ነው። ኦክስጅኑ ለወራት። በመጨረሻ ሲሊከን ይደርሳል።"

"እሱስ?"

"አንድ ቀን ገደማ።"

እህቴ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ከሚሊዮን ዓመት ወደ አንድ ቀን?"

"ሲሊከኑ ብረት ይሆናል። ብረት ደግሞ ማገዶ አይሆንም። ቢዋሃድ ኃይል ይበላል እንጂ አይሰጥም። እሳቱ በዚያው ያበቃል። መሃሉ ላይ የተጠራቀመው ብረት መሬትን ያህላል፤ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ከአንድ ከተማ ወዲያ የማይሰፋ ኳስ እስኪሆን ወደ ውስጥ ይናዳል። ከላይ ያለውም ይከተለዋል። ያ ኳስ ግን ከዚህ በላይ አልጨመቅም ይላል። የሚወርደው ይመታውና ይነጥራል። ከመሃሉ ደግሞ ኒውትሪኖ የሚባሉ፣ በግድግዳ የማይቆሙ ጥቃቅን ነገሮች በማይቆጠር ብዛት ይወጣሉ። የናዳውን ኃይል ይዘውት የሚሄዱት እነሱ ናቸው፤ ከመቶው አንድ እጅ ብቻ ቢቀር እንኳ ኮከቡን ለመበታተን ይበቃል።"

"ከውጭ ሲታይ ግን፣ በዚያ በመጨረሻው ቀን፣ ያስታውቃል?"

"ብዙ ጊዜ አያስታውቅም። ላዩ ገና ወሬው አልደረሰውም። ውስጡ ካለቀ በኋላ እንኳ ድንጋጤው ወጥቶ ቆዳው ጋ እስኪደርስ ሰዓታት ይፈጃል።"

"ሰዓታት" ብላ ጻፈች። ሳህኑን እያነሳች፣ "አንቺ ስለ ኮከብ ስታወሪ ፊትሽ ይበራል" አለች። ሻይ ልቀዳላት ብዬ ከስኒው ጎን ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት። ስኒውን አንቀሳቅሳዋለች መሰለኝ።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ስለዚያች ኮከብ የመጀመሪያው ሪፖርት ወጣ። ብርሃኗን በየቀለሙ ሲዘረዝሩት ሃይድሮጅን አገኙ። ትልቅ ኮከብ ናት፤ ለእህቴ እንደነገርኳት ያለች። ዙሪያዋ ደግሞ ከመሞቷ ጥቂት ወራት በፊት የተፋችው ጋዝ ነበር። "ምልክቱ እየደበዘዘ ሳለ ነው የደረስንበት፤ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ቢገኝ ኖሮ ኮከቧ በመጨረሻ ወራቷ ምን እንደሆነች በዝርዝር ባወቅን" ይላል።

ኃላፊው ይህን ዓረፍተ ነገር ለሁላችንም ጮክ ብሎ አነበበልን። ለማንበብ ባለመገደዴ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ ማታ

የካሜራው ምርመራ አለቀ። ምንም ጉድለት የለውም።

አሁን ይነሳብኛል፣ አሁን ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል ብዬ ጠበቅሁ። ኃላፊው ግን ሌላ አለ፦ "ጉድፍ ነበረበት ማለት ነው፤ ሹክሹክታ ከምርመራው በፊት ጠርጎታል። ይሄ ከጉድለትም የባሰ ነው፣ መደበቅ ነው።"

ሹክሹክታ ጫፉ ላይ ነበር የተቀመጠው። "አልነካሁትም" አለ። ማንም አልሰማውም፤ ወይም ሰምተው ዝም አሉ። እኔ ሰምቻለሁ፣ ከጎኑ ነበርኩ።

ኮንትራቱ ኅዳር ሠላሳ ያበቃል። አይታደስም ተባለ። ሁለተኛ ልጁ ከተወለደ አርባ ቀን አልሞላውም። ይህንን ጸሐፊዋ ናት ኮሪደር ላይ ለሌላ ሰው ስትናገር የሰማሁት። "ንስሯ እንኳ ካሜራው ነው ካለች ካሜራው ነው" ስትልም ሰማሁ።

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። የደብተሩ መስመር ጠባብ ነው፤ ነገ ሰፋ ያለ እገዛለሁ። ወፍራም እስክሪብቶም።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ሹክሹክታ ከሰዓት ክፍሌ መጣ። በሩን ዘጋው። አልተቀመጠም።

"እትዬ፣ የዚያን ቀኑን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት።"

"እሺ?"

"ኮከቧ አለች። ጥርት ብላ። ጉድፍ ካሜራው ላይ ቢኖር ኖሮ በዚያ ሌሊት ሁሉም ፎቶ ላይ እዚያው ቦታ ይኖር ነበር። እርስዎ ነዎት ይሄን ያስተማሩኝ።"

ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ወረቀቶች መደርደር ጀመርኩ።

"ሰው ይደክማል" አለ። "አንድ ቀን ማለፍ ያለ ነው። እርስዎ ቢናገሩ ቀላል ነው። እኔ ብናገር ግን ራሱን ሊያድን ነው ይሉኛል።"

"ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው የመጣኸው?"

አልኩት! በዚህ አፌ። ፊቱ እንዴት እንደሆነ አላየሁም። አላየሁም ስል፣ በትክክል ፊቱ ባለበት ቦታ ነበር ያ ግራጫ ነገር የነበረው። ጫማውን ነው ያየሁት፤ ወደ በሩ ዞረ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ካሜራው ተመልሷል። 190 ፎቶ። ምንም የለም። ሦስት ጊዜ አየሁ። ምንም የለም። አራተኛ ጊዜ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ምንም የለም። እንዲህ ያለ ባዶ ሳምንት አላስታውስም። ሰማዩ ነው ወይስ

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሆነውን ሁሉ ሳላሳጥር ልጻፍ።

ጠዋት እህቴን "መሥሪያ ቤቴን አይተሽው አታውቂም፣ እንሂድ" አልኳት። ቅዳሜ ሰው የለም። ኮረብታው ላይ ስንደርስ ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች የምታለከልከው፤ "ኮከብ ለማየት ይሄን ያህል መቅረብ ያስፈልጋል?" ብላ ሳቀች። ወንበሬ ላይ አስቀመጥኳት። የሳምንቱን ፎቶዎች ከፈትኩላትና፣ "ጨዋታ ነው። ግራው የድሮ ነው፣ ቀኙ የትናንት። ቀኙ ላይ ብቻ ያለ ነገር ካየሽ ንገሪኝ" አልኳት።

ለምን እንዳደረግሁት አሁንም ለራሴ በደንብ አልነገርኩትም።

ሠላሳ ያህል አለፈች። እየተዝናናች ነበር። "የለም። የለም። የለም፣ ይሄ እንዴት ያምራል! የለም።" ከዚያ፣ "እ! ይቺ" አለች።

"የቷ?"

"ይቺ ናታ። ከጋላክሲው በስተቀኝ። እንዴት አትታይሽም? እንደ መርፌ ቀዳዳ የምታበራው።"

አጎነበስኩ። ጋላክሲው ራሱ መሃሉ ተበልቶ ነበር። ዓይኔን ሆን ብዬ ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ወረወርኩ፤ ያኔ ነጥቧ ከጎን ብቅ አለች። ቀጥ ብዬ ሳያት ጠፋች። ወደ ጎን፣ ብቅ አለች። ቀጥ፣ ጠፋች።

"የማክሰኞውን ክፈቺ" አልኳት። አለች፣ ደብዘዝ ብላ። ረቡዕ፣ ደመቅ ብላ። ሐሙስ፣ ይበልጥ። አራት ሌሊት። በአራቱም ቀን መዝገብ ላይ በእኔ እጅ "ምንም የለም"።

እህቴ መጀመሪያ "አገኘሁ ማለት ነው?" ብላ በደስታ አጨበጨበች። ከዚያ መዝገቡን አነበበች። ፊቴን ያዘችው፣ በሁለት እጇ፣ ልጅ እያለሁ እንኳ ሰው እንዲህ ይዞኝ አያውቅም። "ቀጥ ብለሽ እዪኝ። አፍንጫዬ ይታይሻል?"

"አይታየኝም" አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያልኩት። ለራሴም ቢሆን።

ማልቀስ ጀመረች። እኔ ግን ሌላ ነገር ይዞኝ ነበር። ነጥቧ በየቀኑ እየደመቀች ነው። ይቺ የሌላኛው ዓይነት መሆን አለባት አልኩ፦ ከሞተ ኮከብ የቀረ ነጭ ድንክ፣ መሬትን የሚያክል ግን የፀሐይን ያህል የሚከብድ ፍም፣ የጎረቤቱን ጋዝ እየሳበ እየሳበ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ካርቦኑ ባንዴ ተቀጣጥሎ ምንም ሳይተርፍ የሚበተነው። ያ ዓይነቱ እስኪደምቅ ሦስት ሳምንት ሊጠጋው ይችላል። አራት ሌሊት ገና ማለዳው ነው! ዛሬ ከተነገረ የዓለም ቴሌስኮፖች ሁሉ ዛሬ ማታ ይዞሩላታል። ነገ ካልኩ አንድ ሌሊት ይባክናል። ሰኞ ካልኩ ሁለት።

ለመናገር ግን አራቱን "ምንም የለም" ማስረዳት አለብኝ።

ስልኩ ላይ ቁጥሮቹ አልታዩኝም። እህቴ ደወለችልኝ። ኃላፊው አነሳ፤ ከኋላው የልጆች ጩኸት ይሰማል።

"አዲስ ሱፐርኖቫ አለ" አልኩት። "ከማክሰኞ ጀምሮ አለ። እኔ አላየኋትም። ያገኘቻት አስተማሪ እህቴ ናት።"

"አልገባኝም።"

"ዓይኔ አያይም። መሃሉ ጠፍቷል። የጥቅምቷንም ያሳለፍኳት እኔ ነኝ። ካሜራው ምንም አልነበረበትም። ሹክሹክታ ምንም አልጠረገም፣ ምንም አልደበቀም። እኔ ነኝ የዋሸሁት።"

ልጆቹን "ዝም በሉ!" ሲል ሰማሁ። ከዚያ፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ማወቅ ካልፈለግሁበት ቀን ጀምሮ" አልኩት። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፤ ግን እውነት ነው።

"መጋጠሚያዋን፣ የሰማይ አድራሻዋን፣ ላኪልኝ" አለ። ዘጋው። እህቴ ቁጥሮቹን አነበበች፣ እኔ በቃሌ አረጋገጥኩ፣ ላክነው።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ዓይን ሐኪሙ አራት ማዕዘን መስመሮች ያሉበት ወረቀት አሳየኝ። መስመሮቹ በሙሉ ዋኙ። ከዓይኔ ጀርባ ደም ሥር አፍስሶ መሃሉን አጥለቅልቆታል። የቀኙ ጠባሳ ሆኗል፤ አይመለስም። የግራው ጀምሮታል። በየወሩ በመርፌ ሊያቆሙት ይሞክራሉ። "በመስከረም መጥተው ቢሆን ኖሮ" አለ፣ ሳይጨርሰው ተወው።

መርፌው ዓይን ውስጥ ነው የሚወጋው። እንደፈራሁት አያምም። ይልቅ እህቴ ናት ራሷን ልትስት የደረሰችው፤ ነርሷ ውሃ ያመጣችው ለእሷ ነው።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ስብሰባ። ኃላፊው በሁሉም ፊት እንድደግመው ጠየቀኝ። ደገምኩት። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ጣለች። ሹክሹክታ እዚያው ጫፉ ላይ ነበር፤ ወዴት እንደሚያይ ማወቅ አልቻልኩም።

ኮንትራቱ ይታደሳል። ይቅርታ የተጻፈበት ደብዳቤ ይሰጠዋል፤ በእኔም በኃላፊውም የተፈረመ። እኔ ከፎቶ ምርመራ ተነስቻለሁ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ጎብኚ ተማሪዎችን አስረዳለሁ። "ለዚህ ዓይን አያስፈልግም" አለ ኃላፊው፤ ወዲያው ባለው ነገር ደነገጠ። እኔ ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ሳቄ መጣ።

ኮከቧ ነጭ ድንክ መሆኗ ተረጋግጧል። በዘጠኝ ቴሌስኮፕ እየታየች ነው።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

የእህቴ ተማሪዎች "አስተማሪያችን ኮከብ አገኘች" ብለው ክፍሉን በወረቀት ኮከብ ሞልተውታል። ስሟ በሪፖርቱ ውስጥ አለ። እኔን ሳታፍር በየሰፈሩ ታወራለች። ይሁን።

ሹክሹክታ ደብዳቤውን ፈርሞ ተቀብሏል። ሰላምታ ይሰጠኛል። ክፍሌ ግን አይገባም። ሁለት ጊዜ ወደ እሱ ክፍል ሄጄ በሩ ላይ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ዛሬ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች አስረዳሁ። አርባ ነበሩ፣ ጫጫታቸው ግን የአራት መቶ። አንዷ ልጅ "ብረት ባይኖር ኮከቡ አይሞትም ነበር?" ብላ ጠየቀች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሃያ ስድስት ዓመት ማንም አልጠየቀኝም። ማገዶው ማለቁ እንደማይቀር ነገርኳት፤ ግን መልሱ ለራሴም አልበቃኝም፣ ቤት ስገባ አስበዋለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወረድኩ። ሹክሹክታ ብቻውን ቆሟል። በአካሄዱ ነው ያወቅሁት፣ ወዲያና ወዲህ ሲል። አጠገቡ ቆምኩ። ከአሁን ወዲያ ሌላ ቀን የለም አልኩና፣

"ደብዳቤው ላይ የጻፍኩት የመሥሪያ ቤት ቃል ነው" አልኩት። "በአፌ ልንገርህ። ከወር በላይ የልጆችህን እንጀራ ይዤ ዝም አልኩ። አስተምሬህ ነበር፣ አንተም ልትረዳኝ መጣህ፣ አዋረድኩህ። ይቅርታ አድርግልኝ።"

መኪኖች አለፉ።

"ሰምቻለሁ እትዬ" አለ በመጨረሻ። "ግን ይቅር ብያለሁ ብል ውሸት ይሆናል። ገና ነው። ሚስቴ አራስ ሆና ሌሊት ሌሊት ስታለቅስ ነበር።"

"እሺ" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

አንድ አውቶቡስ መጣ። ከፊቱ የተጻፈው ቁጥር ቀልጦ ነበር የታየኝ። አንድ እርምጃ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ክንዴን ያዘኝ።

"ይሄ የእርስዎ አይደለም" አለኝ። "ቀጣዩ ነው። አብሬዎት እጠብቃለሁ።"

የእሱ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ። ቆሞ ቀረ።